አደይን ማን አያት?

ጳጉሜ ሲገባ የግጥም ገጾቻችን ቢጫ ይለብሳሉ። አደይ ትፈነዳለች፣ አደይ ትስቃለች፣ አደይ ተስፋ ይዛ ትመጣለች። ከዛ “አበባ” ካለ “ገባ” አይቀርም፤ ቤት ይመታል፣ ወዳጅ ዘመድ ልብ ይሰጣል፣ አዲስ ዓመት ሆነ። ዘንድሮም እንደ ልማዴ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። አበባዋ የት እንደምትበቅል፣ ከማን ጎን እንደምትቆም፣ መቼ እንደምትረግፍ የሚነግረኝ አንድም ግጥም አላጋጠመኝም።

ቅሬታዬ መደጋገሙ ላይ አይደለም። መደጋገምማ የአገራችን ግጥም አንዱ ጉልበቱ ነው። ቅሬታዬ ማንም ሳያያት መደጋገሟ ላይ ነው።

እስቲ ከወቅቱ ስም እንጀምር። ግጥሞቹ የአደይን ጊዜ “ጸደይ” ይሉታል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፤ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፤ ጸደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ማለትም በልግ። እንቁጣጣሽ የምትውለው ገና በክረምት ውስጥ ነው፤ ዋናው የአበባ ወቅት ደግሞ መፀው ነው። እኛ “ጸደይ”ን ለፈረንጁ የአበባ ወቅት ትርጉም አድርገን ወሰድነውና ወደ መስከረም ጎተትነው።

ቃል ቦታ መቀየሩ ብርቅ አይደለም፤ ቋንቋ እንዲህ ነው። ችግሩ ከቃሉ ጋር የሌላ አገር አየር አብሮ መግባቱ ነው። አውሮፓ ውስጥ አበባ የሚወጣው በረዶው ሲቀልጥና ብርዱ ሲሄድ ነው። ስለዚህ የእነሱ ግጥም ስለ ሙቀት መመለስ ቢያወራ ልክ ነው። የኛ ደጋ ላይ ግን የሚሄደው ብርድ ሳይሆን ደመና ነው። እንዲያውም ደመናው ሲገፈፍ ሌሊቱ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ከፍ ባሉት ተራሮች ላይ ውርጭ ይመጣል። አደይ የምታብበው በዝናቡ ማብቂያና በውርጩ መግቢያ መካከል ባለች ጠባብ ጊዜ ነው። “ብርዱ አለፈ፣ አደይ ፈካች” የሚል ግጥም ሳነብ፣ ጸሐፊው ስለ ሌላ አገር አበባ እንደሚያወራ ይገባኛል።

ይሄንን ከማንም በላይ ያወቀው ደግሞ አበባን ሙሉ በሙሉ ምሳሌ ያደረገው ድርሰት መሆኑ ይገርመኛል። ማኅሌተ ጽጌ ማለቴ ነው። እዚያ አበባዋ እመቤታችን ናት፣ ፍሬው ልጇ ነው፤ ስለ ዕፅዋት ለማስተማር የተጻፈ ነገር አይደለም። ግን የሚዜምበትን ጊዜ ተመልከቱ፦ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ አርባ ቀን። ጊዜው ከሜዳው ጋር ይሄዳል። ደግሞም ድርሰቱ አበባው ላይ አይቆምም፤ ወደ ፍሬው ይሻገራል፣ ስደቱን ያነሳል። የኛ ግጥም ግን መስከረም 1 ላይ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ደመራው ከተቃጠለ በኋላ አደይን የሚያስታውሳት የለም፤ ከፍ ባለው አገር ግን ገና በደንብ ያበበችው ያኔ ነው።

በመስከረም መጨረሻ ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ሳንቃበር የወጣ ሰው ይሄን ያውቃል። ሰሜን ተራሮች ላይ ገደሉ አፋፍ ድረስ ቢጫ ነው። ከፍ እያሉ ሲሄዱ ግን አደይ እየሳሳች ትሄዳለች፤ አስታው ይመጣል፣ ከዛ ጓሳው፣ ከጓሳው መሃል ደግሞ ጅብራ። ጅብራ ብዙ ዓመት ቅጠሏን ብቻ ዘርግታ ትኖራለች። ከዚያ አንዴ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚሄድ የአበባ ዘንግ ታወጣለች፤ ዘሯን በትና ትሞታለች። በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ! ስለ መስዋዕትነትና ስለ ፍቅር ይህን ያህል የሚጽፍ ትውልድ እንዴት ጅብራን አለፋት? ፈልጎ ስላልወጣ ነው። አደይ በየቤቱ በእቅፍ ትመጣለች፤ ጅብራ ጋ ግን ሄደው ካላዩዋት በቀር አትመጣም።

ጽጌረዳም ያው ናት። በፍቅር ግጥሞቻችን ውስጥ ያለችው ቀይ፣ ረጅም አገዳ ያላት፣ የአበባ እርሻ ምርት ናት። ቀጋ ግን የኛው ናት፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የበቀለች ብቸኛ ጽጌረዳ። አበባዋ ነጭ ነው፣ እሾኋ አይጣል ነው፣ ፍሬዋን እረኛ ይበላዋል። አንድ ገጣሚ ለሚወዳት ልጅ “ቀጋዬ” ቢላት እሾኹም ፍሬውም አብሮ ይመጣል። “ጽጌረዳዬ” ሲላት ግን የሚመጣው ፖስትካርድ ነው።

የአበቦቻችንን ነገር በትዕግሥት የያዙት ሳይንቲስቶች ናቸው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 እ.ኤ.አ. መጥቶ በ1878 አድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ ከትግራይና ከሰሜን ተራሮች ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖረ። በሰሜን የምናያትን አደይ ሳይንሱ ባይደንስ ማክሮፕቴራ ይላታል፤ የወገኗ ስም “ሁለት ጥርስ”፣ የራሷ ስም ደግሞ “ትልቅ ክንፍ” ማለት ነው። ከስሟ ቀጥሎ የሰየሟት ሰዎች ይጻፋሉ፦ ጀርመናዊው ሹልዝ፣ ጣሊያናዊው ኪዮቬንዳ፣ በመጨረሻም ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ መስፍን። አደይ በዓለም መዝገብ ውስጥ የአገሯን ሰው ስም ይዛ ትገኛለች። ይሄን ያወቅሁ ቀን ደስ አለኝ፣ ትንሽም ተናደድኩ። ጥርስና ክንፍ ያላትን አበባ እኛ “ተስፋ” ብቻ ብለን አቀለልናት።

ይሄ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በዚህ ሰዓት “ሰሜን” ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብን ዜናው ነው። ብዙዎቻችን ደባርቅ ድረስ እንሂድ ብንልም መንገዱ አያስተማምንም። እዚያ የሚኖረው ሰው ጦርነት ሲመጣበት፣ ሲሄድለት፣ ሲመለስበት ከርሟል። እኛ ደግሞ በየመስከረሙ ከርቀት ሆነን በእሱ ተራራ አበባ “አዲስ ዘመን” እንላለን። ያላየነውን ቦታ አበባ ለተስፋ ማስጌጫ ስናደርግ ሰውየውንም ቦታውንም እየሰረዝን ነው። ተራራው ባዶ የሰላምታ ካርድ አይደለም፤ አደይ የምትበቅልበት ዳር የአንድ ገበሬ ማሳ ዳር ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ሰሜን ድረስ መሄድ ካልተቻለ እንጦጦ አለ፣ የሰፈር አጥር አለ። እናቶቻችን ስሟን የሚያውቋት፣ እኛ የማናውቃት አንዲት አበባ አትጠፋም። ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቁ፤ ስሟን፣ ወሯን፣ ምን አጠገብ እንደምትበቅል። ከዚያ በኋላ ተስፋ ናት ካላችሁ አምናችኋለሁ። ካላችሁት ግን ኅዳር ላይ መርገፏንም ጻፉልኝ።