የዐጥንት ኩራትና የሸክላ ሠሪዋ ዕጣ

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወላይታ ሶዶም እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ከተማ ኹሉ የታወቀ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን ያላነበበው እንኳ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ አዝኗል። ፊታውራሪ መሸሻንም የማይነቅፍ አንባቢ በጭንቅ ይገኛል። ነገር ግን ነቀፋው የሚወድቅበት ሰው ሩቅ ነው፤ አገሩ ጎጃም፥ ማዕርጉ ፊታውራሪ፥ ዘመኑም ያለፈ ዘመን ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መንቀፍ ማንንም ምንም አያስከፍልም። ስለዚህ ይህ መጽሐፍ በሶዶ በሚነበብበት ጊዜ ሊጠየቅ የሚገባው፥ ፊታውራሪ መሸሻ ክፉ ነበሩን? የሚለው ሳይኾን፥ የርሳቸው ዐሳብ ከወላይታ ሰው ቤት በየትኛው ጓዳ ተቀምጧል? የሚለው ነው።

ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ለጋብቻ የሚጠይቁትን ኹሉ በዘር አይተካከሉኝም እያሉ ሲመልሱ፥ የሰብለ ወንጌል የጋብቻ ጊዜ ዐለፈ። በኋላም ፊደልና ንባብ ያስተምራት ዘንድ በዛብህን ወደ ቤታቸው አስገቡት። በዛብህ የድኻው ገበሬ የቦጋለ መብራቱ ልጅ፥ እናቱ በስለት ለእግዚአብሔር የሰጠችው፥ በዜማና በቅኔ የሠለጠነ ጐልማሳ ነው። ደራሲው ከዚህ ላይ ያሳዩት ነገር ከመጽሐፉ ኹሉ የጠለቀ ይመስላል። ፊታውራሪው የበዛብህን ዕውቀት ይፈልጉታል፤ ልጃቸውም በዕውቀቱ እንድትከብር ይወዳሉ። ዕውቀቱን የተሸከመውን ሰው ግን ሰው ብለው አይቈጥሩትም። ትምህርቱ ከእልፍኝ ይገባል፤ መምህሩ ከደጅ ይቀራል።

ይህ ነገር የጎጃም ብቻ እንዳልኾነ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱት የሼክስፒር ቴያትር «ኦቴሎ» ያስረዳል። የቬኒስ ሹም የኾነው ብራባንሺዮ ጥቁሩን የጦር አለቃ ኦቴሎን ዘወትር ወደ ቤቱ እየጠራ የጦርነቱንና የመከራውን ታሪክ በደስታ ይሰማ ነበር። ልጁ ዴዝዴሞና ያንኑ ታሪክ ሰምታ ሰውየውን በወደደች ጊዜ ግን አባቷ ያመጣው ክስ ምን ነበር? ልጄ በመድኀኒትና በአስማት ተታለለች አለ። የርሱ ልጅ በፈቃዷ እንዲህ ያለውን ሰው ልትመርጥ አትችልም ብሎ ስለሚያምን፥ ከአስማት በቀር ሌላ ምክንያት አልታየውም። በአገራችንም ባለ እጁን ቡዳ ነው የሚያሰኘው ይኸው ነው። የናቁት ሰው ኀይል እንዳለው በታወቀ ጊዜ፥ ኀይሉን ከሰይጣን ነው ማለት ቀላል ይኾናል።

በወላይታ ሸክላ የሚሠራው ወገን ጭናሻ፥ ቆዳ የሚፋቀው ደገላ ይባላል። ሸክላ መሥራት ከጥንት ጀምሮ የሴቶች እጅ ሥራ ነው። ጭቃውን የምታቦካው፥ የምትቀርጸው፥ የምትተኵሰውም ሴቲቱ ናት፤ እንስራውንና ድስቱን አዝላ ወደ ገበያ የምትወርደውም እርሷ ናት። በጀበናዋ ቡና የማይፈላበት፥ በድስቷም ወጥ የማይሠራበት ቤት አልነበረም። ሴቲቱ ግን የሞተ ከብት ይበላሉ ከሚባሉት ወገን ናት ተብላ ከማዕድ ትለያለች፤ ከርሷ ወገን ማግባትም ሌላውን ዘር እንደሚያረክስ ይቈጠር ነበር። ይህም ልማድ ዛሬ ፈጽሞ ጠፍቷል የሚል ሰው፥ ከሶዶ ወጣ ብሎ አንድ የጋብቻ ሽምግልና እስኪጨረስ ድረስ ቢቀመጥ ቃሉን ያሻሽላል። በፊታውራሪ ቤት ትምህርቱ ገብቶ መምህሩ እንደ ቀረ፥ በዚህም ድስቱ ገብቶ የድስቱ ሠሪ ትቀራለች።

በዚህ ነገር ካህናቱ ከሌላው ይልቅ የሚያዝኑበት ምክንያት አላቸው። ነቢዩ ኤርምያስ የእግዚአብሔርን ሥራ ያይ ዘንድ የተላከው ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ነበር። ቅዱስ ጴጥሮስም በኢዮጴ በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት እንግድነት ተቀምጦ ሳለ፥ ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል የሚያስተምረውን ራእይ አየ። ሐዋርያው ያን ራእይ ያየው በሹም ቤት አይደለም፤ በዘመኑ ሰው የተናቀ ሥራ በሚሠራበት ሰገነት ላይ ነው። ይህ ምዕራፍ በወላይታ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ጊዜ ይነበባል፤ የቁርበት ፋቂውን ቤት ከደገላው ቤት ጋራ አያይዞ የሚሰብክ ግን ጥቂት ነው።

ወደ መጽሐፉ ለመመለስ፥ ሐዲስ ዓለማየሁ የዘር ኩራትን ከነሥሩ ለማሳየት ጉዱ ካሳን አስነሥተዋል። ካሳ የፊታውራሪው ዘመድ ሲኾን፥ እውነቱን ስለ ተናገረ እንደ እብድ የተቈጠረ ሰው ነው። ደራሲው ገበሬዎቹንም በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪው ላይ አስነሥተዋል። ይህ ኹሉ ድፍረት ነው፤ መጽሐፉም የተመሰገነው በሚገባ ነው። ነገር ግን በደሉ ኹሉ ከላይ ወደ ታች፥ ከባላባት ወደ ገበሬ ብቻ የሚወርድ ኾኖ ይታያል። ገበሬው ራሱ የሚንቀው ሰው በታሪኩ ውስጥ ቃል አልተሰጠውም። ቦጋለ መብራቱ ሴት ልጅ ኖራው ሸክላ ሠሪ ቢጠይቀው ምን ይመልስ ነበር? መጽሐፉ ይህን አይጠይቅም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ የባለ ርስቱን ኀይል ሰብሮታል፤ ጭናሻን መናቅ ግን ፊታውራሪም ርስትም ስለማያስፈልገው ከዐዋጁ በኋላ ኖረ።

ዐዋጅ ብቻውን ይህን ነገር አለመፈወሱ ቀድሞም ታይቷል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፥ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» በሮማ ታተመ። በዚያም ታሪክ ዋሕድ የሚባለው ወጣት ለባርነት ይሸጣል። አንባቢው የሚያዝነው ግን የጦር አለቃ ልጅ ያለ ቦታው ስለ ገባ ነው፤ ቦታው ያ ነው ለተባለው ሰው መጽሐፉ ብዙ እንባ የለውም። ንጉሥ ጦና ድል ኾነው ብዙ የወላይታ ሰው በምርኮ ከተነዳ ገና ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ገባር ተብሎ የተናቀ ሕዝብ፥ ንቀት ምን እንደሚመስል ከሌላው ይልቅ ያውቃል፤ በራሱ መንደር ግን ሲንቅ አያስተውለውም።

ስለ ሴቶቹም አንድ ነገር ይባል። ጦቢያ ወንድሟን ለመፈለግ ስትወጣ የወንድ ልብስ ለበሰች፤ ሰብለ ወንጌልም በዛብህን ፍለጋ ስትሸሽ የመነኵሴ ልብስ ለበሰች። በኹለቱ መጻሕፍት መካከል ከኀምሳ ዓመት የበለጠ ጊዜ ሳለ፥ የባላባት ልጅ በገዛ ፈቃዷ መንገድ እንድትሄድ መልኳን ከመለወጥ የተሻለ ዘዴ አልተገኘም። ሸክላ ሠሪዋ ግን በገዛ ልብሷ መንገዱን ኹሉ ትሄዳለች፤ ጠባቂም ከልካይም የላትም። ይህ ነጻነት ከመሰለ ስሕተት ነው። አንዲቱን ክብር አሰራት፤ ኹለተኛይቱን ንቀት ለቀቃት።

ከሶዶ ወጣቶች መካከል ይህን ነገር በቴያትር ለማሳየት የሚነሣ ቢኖር፥ ታሪኩን ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልገውም። የሚጠበቅበት ከአንድ የቈየ ልማድ መራቅ ነው። በብዙ ታሪክ የተናቀው ሰው በመጨረሻ የጌታ ዘር ኾኖ ይገኛል፥ የጠፋ ልጅ ኾኖም ይታወቃል፤ በዚህም ምክንያት ጋብቻው ይፈቀዳል። እንዲህ ያለው ፍጻሜ ተመልካቹን ያስደስተዋል፥ የዐጥንትንም ኩራት እንደ ነበረ ይተወዋል። በሶዶ የሚጻፈው ቴያትር ውስጥ ያለችው ሸክላ ሠሪ የማንም ባላባት ልጅ ኾና አትገኝ፤ መጋረጃውም ሲወርድ እጇ ጭቃ እንደ ነካ ትቁም።