ልብስና ልብ

በታይላንድ የሳምንቱ ዕለታት ቀለም አላቸው። እሑድ ቀይ፣ ሰኞ ቢጫ፣ ማክሰኞ ሮዝ፣ ረቡዕ አረንጓዴ፣ ሐሙስ ብርቱካናማ፣ ዓርብ ሰማያዊ፣ ቅዳሜ ሐምራዊ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከዕለታቱ ስም ነው። እኛ ረቡዕና ሐሙስ ስንል አራተኛና አምስተኛ ብለን መቁጠራችን ሲሆን፣ ታይላንዳውያን ግን ከህንድ በወረሱት ሥርዓት ዕለታቱን በፀሐይ፣ በጨረቃና በአምስት ፕላኔቶች ሰይመዋቸዋል። ለእያንዳንዳቸውም አንድ አምላክና አንድ ቀለም ተመደበላቸው። የዕለቱን ቀለም የለበሰ ሰው መልካም ዕድል ይገጥመዋል ተባለ።

እዚህ ላይ ትችታችንን ባንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ እንችል ነበር። ዕድልን ከከዋክብት መጠበቅ በእምነታችን ቦታ እንደሌለው አንባቢ ያውቃል። ይሁን እንጂ ይህን ብቻ ብለን ብናልፍ ልማዱን ሳንመረምር የራሳችንን ትክክለኛነት ተናግረን ማለፋችን ነው። እስቲ ልማዱን በገዛ ሚዛኑ እንመዝነው።

ከ1786 እስከ 1855 እ.ኤ.አ. የኖረው ታላቁ የታይላንድ ባለቅኔ ሱንቶን ፑ እንደደረሰው የሚነገር «ሳዋትዲ ራክሳ» የተሰኘ የምክር ግጥም አለ። ግጥሙ ስለ አኗኗር ሥርዓት ሲመክር፣ ወደ ጦር ሜዳ የሚወጣ ሰው በየዕለቱ የትኛውን ቀለም ቢለብስ እንደሚቀናውም ይዘረዝራል። በዚያ ዝርዝር የእሑድ ቀለም እንደዛሬው ቀይ ነው። ሰኞ ግን ነጭ፣ ማክሰኞ ሐምራዊ፣ ቅዳሜም ጥቁር ነው። እንግዲህ ዕድሉ ያለው በቀለሙ ውስጥ ቢሆን ኖሮ፣ ያኔ ሰኞ በነጭ የቀናው ሰው ዛሬ በቢጫ እንዴት ይቀናዋል? ሰኞን ቢጫ ያደረገው የሰዎች ስምምነት ነው ማለት ነው።

ሰዎች የተስማሙበት ነገር ሁሉ መጥፎ ነው አንልም። ንጉሥ ቡሚቦል አዱልያዴጅ በ1927 የተወለዱት ሰኞ ቀን ስለነበር ቢጫ የእሳቸው ቀለም ሆነ። በ2006 የነገሡበት 60ኛ ዓመት ሲከበር የባንኮክ አደባባዮች በቢጫ ሸሚዝ ተጥለቀለቁ። በ2007 ደግሞ ንጉሡ ሮዝ ኮት ለብሰው ከሆስፒታል ቢወጡ፣ ሕዝቡ ሮዝ ሸሚዝ ለመግዛት ተሻማ። በሽተኛው በመዳናቸው ደስ ያለው ሰው ደስታውን በሸሚዙ ገለጸ፤ በዚህ ማን ይጎዳል?

ጉዳቱ የመጣው ቀለሙ የሰው ልብ መመርመሪያ ሲሆን ነው። የታክሲን ሺናዋትራ ተቃዋሚዎች ያንኑ የንጉሡን ቢጫ ለብሰው ተነሡ፤ የታክሲን ደጋፊዎችም ቀይ ለበሱ። በ2008 ባለቢጫዎቹ የባንኮክን ሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች ያዙ። በ2010 የባለቀዮቹ ሰልፍ በጦር ኃይል እስኪበተን ድረስ በሁለት ወር ውስጥ ከ90 በላይ ሰው ሞተ። ንጉሡን መውደድ ማለት ቢጫ መልበስ ከሆነ፣ ቀይ የለበሰው ዜጋ ምን ሊባል ነው? ትናንት የፍቅር ምልክት የነበረው ሸሚዝ ዛሬ «ወገንህ የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ ሆነ።

ንጉሡ ኦክቶበር 13 ቀን 2016 ሲሞቱ አገሩ ጥቁር ለበሰ። ጥቁር ልብስ ከገበያ ጠፋ፤ ዋጋውም ናረ። ያን ጊዜ ሁለት ዓይነት ሰዎች ታዩ። አንዳንዶቹ ጥቁር ያልለበሰውን ሁሉ ሐዘን የለሽ እያሉ ወረዱበት፤ መንግሥት ራሱ «ሁሉም መግዛት አይችልምና ታገሡ» እስኪል ድረስ። ሌሎቹ ደግሞ በየመንገዱ ዳር ጥቁር ቀለም በበርሜል አፍልተው፣ ያለውን ልብስ ይዞ ለመጣ ሁሉ በነፃ ነከሩለት።

ሁለቱም ሐዘንተኞች ነበሩ። ነገር ግን ልማድ ለምን እንደተሠራ የገባው በርሜሉን የጣደው ነው። እሱ የወንድሙን ሐዘን አምኖ የጎደለውን ሞላለት፤ ያኛው ግን ልብሱን አይቶ ስለማያየው ልብ ፈረደ።

እኛስ፣ አንባቢ ሆይ፣ በየሰፈራችን ሰውን ከልብሱ ተነሥተን ስንመዝን የምንውለው የትኞቹን መስለን ነው? ከመፍረዳችን በፊት ቀለሙ የጎደለው ልቡ ስለጎደለ ይሁን ኪሱ፣ ብንጠይቀው ምን እንጎዳለን?