ሻልያፒንና የቃል ክብር

ብዙ ሰዎች የዘፋኝን ሥራ የሚመዝኑት በድምፁ ግዝፈት ነው። ነገር ግን ድምፅ ብቻውን ዕቃ ነው፤ ዕቃውን የሚያስከብረው በውስጡ የሚቀመጠው ቃል ነው። ይህንንም ለመረዳት የመስኮቡን ባለ ወፍራም ድምፅ ዘፋኝ የፊዮዶር ሻልያፒንን ሥራ መመርመር ይበቃል።

ሻልያፒን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. በካዛን ከተማ ከድኻ ቤት ተወለደ። አባቱ ጸሐፊ ነበር፤ ደመወዙን ግን መጠጥ ይወስደው ነበር። ልጁም ለሙያ ወደ ጫማ ሰፊ ተሰጠ፤ የዜማን ጣዕም ግን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋር ቆሞ ነው። ኋላም በቲፍሊስ ኡሳቶቭ የሚባል መምህር ያለ ዋጋ አስተማረው። በ1896 በሞስኮ ማሞንቶቭ የሚባለው ባለጸጋ ካቋቋመው የኦፔራ ማኅበር ገባ፤ በ1901 በሚላኖ፣ በ1908 በፓሪስ ስሙ ገነነ።

ዋናው ሥራው በሙሶርግስኪ ኦፔራ የንጉሥ ቦሪስ ጎዱኖቭን ክፍል መጫወቱ ነው። ለዚህም ዜማውን ከራክማኒኖቭ ጋር አጠና፤ የንጉሡንም ጠባይ ከታሪክ ሊቁ ከክሉቼቭስኪ ጠየቀ። በሸክላ የቀረውን ድምፁን የሚሰማ ሰው ድካሙ ከንቱ እንዳልነበረ ያስተውላል። ሕሊናው የሚወቅሰው ንጉሥ ሲናገር ዘፋኙ አይጮኽም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከንግግር ያስጠጋዋል እንጂ። ፍርሃቱም ከጩኸት ይልቅ በዚያ ዝቅታ ይታወቃል።

ነውር የለበትም ማለት ግን አይደለም። የዜማውን ልክ እንደ ፈቃዱ ያስረዝምና ያሳጥር ነበር፤ ስለዚህም ከኦርኬስትራ መሪዎች ጋር ይጣላ ነበር። በ1907 በኒውዮርክ ሲጫወት ሐያስያን አኳኋኑን ነቅፈውበታል፤ በ1921 ሲመለስ ግን በታላቅ ክብር ተቀበሉት። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ብዙዎች ሲቃውን ቀድተው አሳቡን ትተውታል፤ የዚህ ጥፋት ግን የተከታዮቹ እንጂ የእርሱ አይደለም።

ኑሮውም ከፈተና አልራቀም። በ1911 በቴያትር ቤት መዘምራኑ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሲንበረከኩ እርሱም አብሮ ተንበረከከ፤ ወዳጆቹም ክፉኛ ወቀሱት። በ1918 አዲሱ መንግሥት የሕዝብ አርቲስት የሚል ማዕረግ ሰጠው፤ በ1922 ግን ከአገሩ ወጥቶ አልተመለሰም። በፓሪስም ለስደተኞች ድኻ ልጆች 5,000 ፍራንክ በካህን እጅ ስለ ሰጠ፣ በ1927 ማዕረጉ ተገፈፈ። ወቀሳ ሲያደርስበት የኖረው መንበርከኩ ነበር፤ ክብሩን ያሳጣው ግን ምጽዋቱ ሆነ!

በ1932 በፓሪስ የአሌክሳንደር ኔቭስኪ ካቴድራል መዘምራንን ይዞ የቤተ ክርስቲያን ዜማ በሸክላ አስቀረጸ። በዚያ ሥራ ራሱን ለማሳየት አይሽቀዳደምም፤ መዘምራኑ ሲመልሱለት ይታገሣል፤ ቃሉንም አንድ በአንድ ያኖራል። በልጅነቱ የተማረው ሥርዓት ከቴያትሩ ጭብጨባ ሁሉ በኋላ እንዳልጠፋ በዚህ ይታወቃል።

በ1938 በፓሪስ ሞተ፤ በ1984 አፅሙ ወደ ሞስኮ ተመለሰ፤ በ1991ም የተገፈፈው ማዕረግ ተመለሰለት። ሸክላዎቹ ግን የማንንም አዋጅ ሳይጠብቁ ሲሰሙ ኖረዋል። ስለዚህ ወጣቶችን ዜማ የሚያስተምር ሁሉ ድምፃቸውን ከማስጮኹ አስቀድሞ የሚሉትን ቃል ትርጓሜ ይጠይቃቸው።