የመጀመሪያዋ ነጥብ

ለኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ የሬዲዮ ድልድል ከተሰጡት የመጥሪያ ፊደሎች በብዛት የሚታወቁት «ኢ» እና «ቲ» ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው የአማተር ሬዲዮ ክበብ ጣቢያም መጥሪያው ኢቲ3ኤኤ ነው። በሞርስ ኮድ «ኢ» አንዲት ነጥብ ብቻ ናት፤ «ቲ» ደግሞ አንድ ሰረዝ። ከፊደሎች ሁሉ አጭሯ የአገራችን መጥሪያ በር ላይ ቆማለች ማለት ነው። በደቂቃ 30 ቃል የሚልክ ኦፕሬተር ሲጠራ ያቺ ነጥብ አየር ላይ የምትቆየው 40 ሚሊሰከንድ ነው። ሬዲዮው ከመቀበል ወደ መላክ እስኪዞር 30ውን ከበላባት፣ ባሕር ማዶ ላለው አድማጭ የምትደርሰው ቁራሽ ጠቅታ ናት። እሷን ካላስተዋለ ጥሪው በ«ቲ» ይጀምርበታል፤ ከየት አገር እንደተጠራም አያውቅም።

እንዲህ ያለውን መዘግየት ለመግራት የተሠራ ሥራ ጠጋ ብሎ ማየት ደስ ያሰኛል። ከውጭ ሲታይ ትንሽ ሳጥንና ሁለት ገመድ ነው፤ ውስጡ ግን ብዙ ታስቦበታል።

ስሌቱ ቀላል ነው። በሞርስ የፍጥነት መለኪያ የሆነው ቃል «ፓሪስ» ሲሆን ከኋላው ካለው ክፍተት ጋር 50 የነጥብ ርዝመት ይይዛል። ስለዚህ 1200ን በደቂቃ በሚላከው ቃል ብዛት ሲያካፍሉት የአንዲት ነጥብ ዕድሜ በሚሊሰከንድ ይገኛል። ሰረዝ የነጥብ ሦስት እጥፍ ነው፤ በፊደሎች መካከል ያለው ክፍተት ሦስት ነጥብ፣ በቃላት መካከል ያለው ሰባት። ጆሮ ፊደሉን የሚለየው በዚህ ምጣኔ ነው።

ኮምፒውተሩ ሲገባበት ችግሩ ይጀምራል። በቀድሞው ዘዴ ፕሮግራሙ የሬዲዮውን የቁልፍ መስመር በሲሪያል ወደቡ በኩል ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይዘጋል። ኮምፒውተር ግን ብዙ ጌታ ያለበት አገልጋይ ነው፤ ስክሪን ይስላል፣ ፋይል ይጽፋል፣ ከኢንተርኔት ጋር ይነጋገራል። ዊንዶውስ በለመደው አሠራሩ ሰዓቱን የሚያየው በየ15.6 ሚሊሰከንዱ ነው። 40 ሚሊሰከንድ መቆየት ያለባትን ነጥብ በእንዲህ ያለ ሰዓት ለመለካት የሚሞክር ፕሮግራም አንዷን ያሳጥራል፣ ሌላዋን ያስረዝማል። ከመዘግየቱም የከፋው ይህ ወጥነት ማጣት ነው። ሁሉም ምት እኩል ቢዘገይ አድማጩ ምንም አያውቅም፤ አንዱ በ5፣ ሌላው በ20 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ ግን ፊደሉ ራሱ ይፈርሳል።

ዊንኪየር የሚባለው ቺፕ ለዚህ የሰጠው መልስ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። አንድ አሜሪካዊ አማተር የነደፈው ይህ ትንሽ ማይክሮኮንትሮለር ከኮምፒውተሩ ምትን ሳይሆን ፊደልን ይቀበላል። ነጥብና ሰረዝ አድርጎ ቁልፉን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሌላ ሥራ የሌለበት ቺፑ ራሱ ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝበት መስመር በመደበኛ አሠራሩ በሰከንድ 1200 ቢት ብቻ የሚያሳልፍ፣ በዛሬ ዓይን እጅግ ዘገምተኛ መስመር ነው። ቢሆንም አንድ ፊደል በዚያ መስመር ለማለፍ 9 ሚሊሰከንድ ገደማ ይበቃዋል፤ በደቂቃ 30 ቃል ሲላክ ደግሞ አንድ ፊደል አየር ላይ በአማካይ 400 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ነዳፊው መስመሩን ማፍጠን አላስፈለገውም፤ ሰዓት ጠባቂውን ከግርግሩ አውጥቶ ከቁልፉ አጠገብ አስቀመጠው፣ በቃ።

የሰው እጅም የሚገባው እዚያው ቺፕ ላይ ነው። ኦፕሬተሩ የሞርስ መምቻውን ፓድል ሲነካ ኮምፒውተሩ ሲያስልከው የነበረው ጽሑፍ ወዲያው ይቋረጣል፤ እጅ ቅድሚያ አለው። ማስተካከያዎቹን ስንገልጥ ደግሞ የነዳፊው ጥንቃቄ ይበልጥ ይታያል። አንደኛው ከእያንዳንዱ መላክ በፊት ሬዲዮውን ቀድሞ የሚቀሰቅስ ሲሆን በ10 ሚሊሰከንድ እርከን ይሞላል። ሌላው የመጀመሪያውን ምት ብቻ በሚሊሰከንድ እየለካ ያስረዝማል፤ ቀስ ብሎ የሚነቃ አሮጌ ሬዲዮ ከፊት የሚቆርጠውን ከኋላ ይሰጠዋል ማለት ነው። ሦስተኛው ሬዲዮው ምቱን ሁሉ እኩል የሚሸርፍ ከሆነ ለእያንዳንዱ ነጥብና ሰረዝ ያንኑ ያህል ይጨምራል። ሬዲዮዎች አየር ላይ ምን እንደሚያበላሹ ቁጭ ብሎ ያላዳመጠ ሰው እነዚህን ሦስቱን ለይቶ አያስቀምጥም።

ቀጥሎ የጆሮ ጉዳይ አለ። ኦፕሬተር የገዛ ምቱን የሚሰማበት ድምፅ ሳይድቶን ይባላል። በሶፍትዌር በሚሠሩት አዳዲስ ሬዲዮዎች ይህ ድምፅ እየተጠራቀመ ነው የሚያልፈው፤ በሰከንድ 48,000 ናሙና በሚያነብ የድምፅ ካርድ ላይ 1024 ናሙና የሚይዝ አንድ ቋት ብቻ 21 ሚሊሰከንድ ያዘገያል። ቋቶቹ ሁለት ሦስት ሲሆኑ መዘግየቱ ከነጥቧ ይበልጣል። ከበሮ የሚመታ ዲያቆን የከበሮውን ድምፅ ከማዶ ገደል ተመልሶ ሲመጣ ብቻ ቢሰማ ምን ይሆናል? እጁ ጆሮውን ሲጠብቅ ዜማው ይጎተታል። የሞርስ ላኪም እጅ እንደዚያው ይፈዛል፤ ነጥብ ይደግማል፣ ሰረዝ ይጥላል።

ጥሩ ሠሪዎች እዚህ ላይ ሁለቱን መንገድ ለያዩት። ሳይድቶኑ እጁ ካለበት ቦታ፣ ከቺፑ ራሱ ይወጣል፤ ወደ አየር የሚሄደው ምት በራሱ ጊዜ ይከተል። ሬዲዮው ሌላ ከተማ ሆኖ በኢንተርኔት ሲታዘዝም ያው ሐሳብ ሰፋ ብሎ ይሠራል። ቁልፉ የተጫነበትና የተለቀቀበት ቅጽበት ሰዓቱ ተጽፎበት ይላካል። በወዲያኛው ጫፍ ያለው መሣሪያ ሆን ብሎ፣ ለምሳሌ 100 ሚሊሰከንድ ይጠብቅና በተጻፈው ሰዓት ልዩነት መሠረት ምቱን ያወጣል። አንዱ መልእክት በ20፣ ሌላው በ70 ሚሊሰከንድ ቢደርስ ግድ የለም፤ ሁሉም እኩል ዘግይቶ ይወጣል። መዘግየቱ በዝቷል፣ ጽሑፉ ግን ጠርቷል። እንዲህ ያለ ዳኝነት ከብልሃት ሁሉ ይበልጥብኛል።

መቀነስ የሌለበትም መዘግየት አለ። አንድ ምት ሲነሳና ሲወድቅ 5 ሚሊሰከንድ ያህል ለስላሳ ኩርባ ያስፈልገዋል። ለፍጥነት ተብሎ ኩርባው በድንገተኛ ቀጥ ያለ ግድግዳ ቢተካ ምቱ ጠቅ ጠቅ የሚል ረብሻ ሆኖ የጎረቤቶችን ፍሪኩዌንሲ ይበክላል። መቁረጥ ያለበት ከመቀበል ወደ መላክ የመቀየሪያው ጊዜ ነው። ሪሌ በሚባለው የብረት መቀየሪያ ፋንታ ፒን ዳዮድ የተባለውን ኤሌክትሮኒክ መቀየሪያ የሚጠቀሙ ሬዲዮዎች ያለ ኳኳታ ቶሎ ስለሚዞሩ ኦፕሬተሩ በሁለት ነጥቦች መካከል እንኳ ሌላውን ጣቢያ መስማት ይችላል።

የእርስዎን ጣቢያ መመርመር ከባድ አይደለም። አንቴናውን ነቅለው በቦታው ኃይሉን የሚውጥ ደሚ ሎድ ይግጠሙ፤ በሌላ መቀበያ የራስዎን ምልክት ይቅዱና ቅጂውን በድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ይክፈቱት። አራት ነጥብ የሆነውን «ኤች» በ30 ቃል ፍጥነት ደጋግመው ይላኩ፤ ነጥቡም በነጥቦቹ መካከል ያለው ክፍተትም 40 ሚሊሰከንድ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ነጥብ ብቻ ካጠረ እሱን ያስረዝሙ። ሁሉም እኩል ካጠሩ ለሁሉም እኩል ይጨምሩ። አንዱ ከሌላው የሚለያይ ከሆነ ግን ማስተካከያ ሲነካኩ አይዋሉ፤ ሰዓቱን ከኮምፒውተሩ ላይ ያውርዱትና ለቺፕ ይስጡት።