ስለ ሽትራልዙንድና ሩገን የምርጫ ክልል፤ የእንደራሴነት ሒስ

ስለ ሰሜን ምሥራቅ ጀርመን የባሕር ጠረፍ የፖለቲካ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከአንድ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉን ሚካኤል ኤብነር የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ኖቬምበር 2 ቀን 1990 በሩገን ደሴት፥ ሎበ በምትባል መንደር አነሣው። አንዲት ወጣት ሴት በጠባብ ጎጆ ውስጥ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ተቀምጠው ይታያሉ። ሴቲቱ ወይዘሮ አንጌላ ሜርክል ናቸው። ልክ በወሩ፥ ዲሴምበር 2 ቀን፥ የተዋሐደችው ጀርመን የመጀመሪያውን ጠቅላላ ምርጫ ስታደርግ ከመቶ 48.5 የሚሆነውን ድምፅ አግኝተው የዚህ አገር ተመራጭ ሆኑ፤ እስከ 2021ም ድረስ ሳይሸነፉ ቈዩ።

ፎቶግራፉ መልካም ፎቶግራፍ ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ሁሉ የምርጫውን ክልል በዚያች ጎጆ ልክ እየቈረጠ፥ «የሜርክል ወረዳ» በሚል ስም ብቻ እየጠራው ኖሯል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንከራከረው ይህን አጻጻፍ ነው። የአንድ ምርጫ ክልል ታሪክ የአሸናፊዎች ስም ዝርዝር አይደለም፤ ወይዘሮ ሜርክል 31 ዓመት ያህል መመረጣቸውም አገሩ ያን ያህል ዘመን ተወክሎ ነበር ለማለት ብቻውን አይበቃም።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ቃል ጥቂት ለመናገር ይፈቀድልን። «እንደራሴ» ሲፈታ «እንደ እኔ ራሴ» ማለት ነው። ቀድሞ ይህን ስም የሚሰጠው ንጉሡ ነበር፤ እንደራሴውም በንጉሡ ስም የሚናገር፥ ከላይ ወደ ታች የወረደ ሹም ነበር። ኋላ «የሕዝብ እንደራሴ» በተባለ ጊዜ ግን ያው ቃል ተገልብጦ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ሰው መጠሪያ ሆነ። ቃሉ እነዚህን ሁለት ሐሳቦች እስከ ዛሬ አጣምሮ ይዟል። የጀርመን ሕገ መንግሥት ከ1949 ጀምሮ በ38ኛው አንቀጽ የምክር ቤቱ አባሎች የመላው ሕዝብ እንደራሴዎች መሆናቸውን፥ በማንም ትእዛዝ የማይታሰሩና ለኅሊናቸው ብቻ የሚገዙ መሆናቸውን ይደነግጋል። እንግዲህ ሽትራልዙንድ የመረጠችው ሰው በሕጉ መሠረት የሽትራልዙንድ ብቻ እንደራሴ አይደለም። ታዲያ ክልል ለምን ተከለለ?

ለዚህ ጥያቄ ይህ አገር በየዘመኑ የተለያየ መልስ ሲሰጠው ኖሯል። ሽትራልዙንድ ከ1648 ጀምሮ በስዊድን ነገሥታት ሥር ነበረች፤ ከ1815 ወዲህ የፕሩስያ ሆነች። በ1871 የጀርመን መንግሥት ሲመሠረት የሩገን፥ የሽትራልዙንድና የፍራንዝቡርግ አገር አንድ ሆኖ አንድ ሰው ወደ ራይኽስታግ የሚልክ ክልል ሆነ። ዕድሜያቸው 25 ዓመት የሞላ ወንዶች ይመርጡ ነበር። የክልሎቹ ወሰን ግን እስከ 1918 ድረስ ሳይለወጥ ቀረ፤ ሕዝቡ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ሲጐርፍ ወሰኑ ባለበት ስለቆመ የገጠሩ ሰው ድምፅ ከከተሜው ድምፅ ይልቅ ይመዝን ነበር። በቫይማር ሪፐብሊክ ዘመን ይህ ሁሉ ተሽሮ መላው ፖመርን አንድ ሰፊ ክልል ሆነ፤ መራጩም ለሰው ሳይሆን ለፓርቲ ዝርዝር ድምፅ ሰጠ። በምሥራቅ ጀርመን ዘመን ደግሞ የብሔራዊ ግንባር አንድ ዝርዝር ብቻ ስለ ቀረበ፥ እንደራሴው የማን እንደራሴ እንደ ነበረ ማብራራት አያስፈልግም። ስለዚህም በ1990 «ሽትራልዙንድ፥ ሩገን፥ ግሪመን» የተባለው ክልል በተቋቋመ ጊዜ፥ አንድ ሰው በስሙ የሚመረጥበት ሥርዓት ለአገሩ ሕዝብ ከሰባ ዓመት በላይ ሲረሳ የኖረ ነገር ነበር።

ወይዘሮ ሜርክልም የአገሩ ልጅ አልነበሩም። ሐምቡርግ ተወለዱ፤ ያደጉት በብራንደንቡርግ፥ በቴምፕሊን ነው። የክርስቲያን ዴሞክራት ኅብረት እጩውን የመረጠው በሴፕቴምበር 1990 በሩገን፥ በፕሮራ በተደረገ ስብሰባ ሲሆን (ፕሮራ ናዚዎች በ1936 መሥራት የጀመሩት፥ በኋላም የምሥራቅ ጀርመን ጦር የሰፈረበት እጅግ ረጅም ሕንፃ የሚገኝበት ስፍራ ነው)፥ በመጀመሪያው ዙር ከምዕራብ ጀርመን የመጣ ሌላ ሰው ቀድሟቸው ነበር። ሌሊቱ እየገፋ ሄዶ ሁለተኛው ዙር ሲደረግ አሸነፉ። በዚያን ጊዜ የመጨረሻው የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ምክትል ቃል አቀባይ ነበሩ። እንግዲህ የአሮጌው ትርጕም እንደራሴ፥ ከላይ የተላከው፥ በዚህ ታሪክ መጀመሪያ ላይ ቆሟል ብንል ማጋነን አይሆንብንም። የሎበው ፎቶግራፍም የሚያሳየው እንግዳዋ ከአገሩ ሰዎች ጋር ስትተዋወቅ እንጂ አገሩ የራሱን ልጅ ሲልክ አይደለም።

አሁን ወደ ቍጥሮቹ እንመለስ። ወይዘሮ ሜርክል በ1998 ያገኙት ከመቶ 37.3 ነበር፤ በዚያ ዓመት ፓርቲያቸው በመላው ጀርመን ተሸንፎ ከሥልጣን ወርዷል። በ2005 ከመቶ 41.3፥ በ2009 ከመቶ 49.3፥ በ2013 ከመቶ 56.2 ሆነ። በ2017 ወደ 44.0 ወረደ። በ2021 እርሳቸው ሳይወዳደሩ ሲቀሩ ፓርቲያቸው ያቀረበው እጩ ያገኘው ከመቶ 20.4 ብቻ ነው። በመላው ጀርመን የክርስቲያን ዴሞክራቶችና የባቫርያ አጋራቸው ሁለተኛ ድምፅ በእነዚያው አራት ዓመታት ከ32.9 ወደ 24.1 ዝቅ ብሏል፤ ይህም ከዘጠኝ ነጥብ ያነሰ ነው። በሽትራልዙንድ ግን የመጀመሪያው ድምፅ 23.6 ነጥብ ወደቀ። ሁለተኛውን ድምፅ ከመጀመሪያው ጋር ማስተያየት ፍጹም ሚዛን አለመሆኑን እናውቃለን፤ ቢሆንም ልዩነቱ ይህን ያህል ሲሰፋ፥ አገሩ ለፓርቲው ታማኝ ነበር የሚለው የተለመደ አባባል ሊቆም አይችልም። ታማኝነቱ ለሰውየዋ፥ ምናልባትም ለሰውየዋ ይልቅ ለወንበራቸው ነበር። ቁጥሩ ከፍ ያለው ከ2005 ወዲህ፥ ቻንስለር ሳሉ ነውና። ደግሞም በእነዚያ ምርጫዎች ሁሉ ስማቸው በፓርቲው የአገር ዝርዝር ራስ ላይ ስለ ነበር፥ መራጩ ቢነፍጋቸው እንኳ በሌላው በር ወደ ምክር ቤት ይገቡ ነበር። እንደራሴውን መሻር የማይችል መራጭ ምን ዐይነት ሥልጣን አለው? ይህን ጥያቄ የጀርመን ሊቃውንት ብዙ ጊዜ አንሥተውታል፤ ስለዚች ክልል ሲጽፉ ግን የሚረሱት ይመስለናል።

ቻንስለር የላከች ክልል ተጠቅማለች የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ፕሬዚዳንት ቡሽ በ2006 ሽትራልዙንድ ድረስ መጥተዋል፤ ደሴቱን ከየብስ ጋር የሚያገናኘው አዲሱ ድልድይም በ2007 ተከፍቷል። ሆኖም በ1948 የተመሠረተው የሽትራልዙንድ የመርከብ መሥሪያ በ2012 ኪሣራ ላይ ወደቀ፤ ከዚያ በኋላ ከባለቤት ወደ ባለቤት ተላለፈ፤ በ2022 እንደ ገና ከስሮ በመጨረሻ ከተማው ራሱ ገዛው። ወንበሩ በርሊን መሆኑ ይህን አላስቀረውም።

ይልቁንም ከሁሉ የበለጠ የተዘነጋው ነገር የወሰኑ ጉዳይ ነው። በ1990 መክለንቡርግ ፎርፖመርን ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብና 9 ክልሎች ነበሩት። ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ሲሄዱና የሚወለደው ሕፃን ሲያንስ ሕዝቡ ወደ 1.6 ሚሊዮን ወረደ። የምክር ቤቱ ክልሎች ከ328 ወደ 299 በተቀነሱበት በ2002 ምርጫ የአገሩ ክልሎች 7 ሆኑ፤ በ2013 ደግሞ 6። ክልሉም ስሙን እየለወጠ «ሽትራልዙንድ፥ ኖርድፎርፖመርን፥ ሩገን»፥ ኋላም «ፎርፖመርን-ሩገን፥ ፎርፖመርን-ግራይፍስቫልድ አንድ» ተባለ፤ የዩኒቨርሲቲ ከተማ የሆነችው ግራይፍስቫልድም ተጨመረችበት። ሕጉ ክልሎቹ በሕዝብ ቁጥር እንዲቀራረቡ ያዝዛል፤ ፍትሕም ነው። በተግባር ግን ሰው የሚያንሰው አገር፥ ሰው ስላነሰው፥ ወደ እንደራሴው ቢሮ የሚወስደው መንገድ ይረዝምበታል። በንጉሡ ዘመን ወሰኑ ሳይነካ ቀርቶ ለገጠሩ አደላ፤ ዛሬ ወሰኑ እየተነካ ገጠሩን ያርቀዋል። ስሙም ሰው በቃል የማይዘው እየሆነ ሄዷል። «የሜርክል ወረዳ» የሚለው አጠራር የጸናው ምናልባት በከፊል ከዚህ የተነሣ ይሆናል።

በ2021 ያሸነፉት የሶሺያል ዴሞክራቷ አና ካሳውትስኪ ናቸው፤ ያገኙትም ከመቶ 24.3 ነው። ከአራት መራጮች ሦስቱ ሌላ ሰው ፈልገው ነበር ማለት ነው። በ2025 ደግሞ የአማራጭ ለጀርመን ፓርቲ እጩ ዳርዮ ዛይፈርት አሸነፉ። ብዙ ጸሐፊዎች በዚህ ተደንቀው «የሜርክል ወረዳ ተገለበጠ» ብለዋል። እኛ ግን መገልበጥ ለማለት መጀመሪያ ቆሞ የነበረው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል እንላለን፤ ከላይ ያሉት ቍጥሮች የሚያሳዩት በ2021 ክርስቲያን ዴሞክራቱ አስቀድሞ ወድቆ እንደ ነበር ነው።

በሁለቱ ምርጫዎች መካከል የተነሣውን የሙክራንን ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። ከሩሲያ የሚመጣው ጋዝ ከቆመ በኋላ የጀርመን ምክር ቤት በ2023 በሩገን ደሴት የሚገኘውን የሙክራንን ወደብ ፈሳሽ ጋዝ ማራገፊያዎች በፍጥነት ከሚሠሩባቸው ስፍራዎች ጋር በሕግ አስገባው። የቢንዝ መዝናኛ ከተማና የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበራት አጥብቀው ተቃወሙ፤ ማራገፊያው ግን በ2024 ሥራ ጀመረ። በዚያን ጊዜ የክልሉ ተመራጭ ከቻንስለሩ ጋር በአንድ ፓርቲ ውስጥ ነበሩ። 38ኛው አንቀጽ የመላው ሕዝብ እንደራሴ ያላቸው ሰው፥ መላው ሕዝብ ጋዝ ሲፈልግ ቢንዝ ደግሞ ባሕሩ እንዳይነካ ሲፈልግ፥ «እንደ ራሴ» የሚሉት ለማን ነው? ሕጉ የሚመልሰው ለኅሊና ነው። የቢንዝ ሰው ግን ለኅሊና ድምፅ አልሰጠም፤ ለስም ነው የሰጠው።

ስለ ሎበ ጎጆም አንድ ነገር ይቀራል። በምዕራብ ባልቲክ ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ ለይቶ ማጥመድ ከ2022 ጀምሮ ለትንንሽ ጀልባዎች ከተተወው ጥቂት ፈቃድ በቀር ተከልክሏል። ይህን የወሰኑት የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሚኒስትሮች ናቸው፤ ሽትራልዙንድ የምትልከው ሰው፥ ማንም ይሁን ማን፥ በዚያ ጠረጴዛ ወንበር የለውም።