የአህያ መንገድ

ጓደኛዬ ያን ቀን የመጣው ከኮምቦልቻ ነው፤ የለበሰውም ለኮምቦልቻ ነው። ስስ የጥጥ ሹራብ፣ ጂንስ ሱሪ፣ ስኒከር። ከሐረጎ ዳገት በታችና በላይ ያለው አገር ደግሞ አንድ አይደለም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 አካባቢ፤ ከደሴ በላይ የቆመው፣ ልንወጣው ያሰብነው ጦሳ ከ3,000 ያልፋል። 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ከኮምቦልቻ የተነሣ ሰው ጦሳ ራስ ላይ ሲደርስ ከ7 እስከ 8 ዲግሪ ጥሎ መጥቷል ማለት ነው፤ ነፋሱና እርጥበቱ ሳይቆጠር።

ይህን ሒሳብ አሳምሬ አውቀዋለሁ። እንጀራዬ ሰው ተራራ አውጥቶ በሰላም ማውረድ ነው። እንግዳ ቢሆን ኖሮ ቦርሳውን አስከፍቼ፣ የጫማውን ሶል ገልብጬ አይቼ፣ የዝናብ ልብስ ካልያዘ «ዛሬ አንወጣም» እለው ነበር። እሱ ግን አብሮ አደጌ ነው። «አብሽር፣ ምን እንሆናለን!» አለ፤ ስቀን ዳገቱን ጀመርን። ለማላውቀው ሰው የማልነፍገውን ጥንቃቄ ለምወደው ሰው ነፈግሁት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

የመመለሻ ሰዓትም አልቆረጥንም። በእኛ ሥራ የመመለሻ ሰዓት የሚቆረጠው ገና እግር ሳይነሣ፣ ጭንቅላት ሳይደክም ነው፤ ጫፉ ከታየ በኋላ ማንም በትክክል አያስብም። ግንቦት 2 ቀን 1988 ዓ.ም. ኤቨረስት ላይ የተነሣው የበረዶ ማዕበል 8 ሰዎችን ሲገድል፣ ከሟቾቹ አንዱ ኒውዚላንዳዊው ሮብ ሆል ነበር፤ ዓለም ያወቀው መሪ። እሱም ደንበኛውን ጫፍ ለማድረስ ሲጠብቅ ነው ሰዓቱ ያለፈበት። እሱን ያሸነፈ ነገር እኔን ቢያሸንፍ አይገርምም፤ ግን ምክንያት አይሆነኝም።

ወሩ ሚያዝያ ነበር። የበልግ ሰማይ ጠዋት ጠርቶ ከቀትር በኋላ ይከፋል። ባሕር ዛፉን አልፈን አስታውና ጓሳው ጋ ስንደርስ 7 ሰዓት አልፏል። ወዲያው ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ፤ ከኋላው ጉሙ። ጉሙ ከአምስት እርምጃ በላይ አያሳይም ነበር። ወደ ደሴ እየወረድን መስሎን ጀርባችንን ለከተማው ሰጥተን በገራዶ በኩል ወረድን።

«ወንዙን ተከትለን እንሂድ፣ ሰው ጋ ያደርሰናል» አለኝ። ብዙ ሰው የሚለው ነው። በወሎ ደጋ ግን ይህ ምክር ሰው ይገድላል። ተራራችን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ እየደጋገመ ያፈሰሰው ድንጋይ ንብብር ነው፤ ስለዚህ ቁልቁለቱ እንደ ደረጃ ነው፦ ሜዳ፣ ገደል፣ ሜዳ፣ ገደል። ወንዙ ደረጃውን ይዘላል፤ ሰው አይዘልም። ይህንንም አውቃለሁ፤ ግን ብርዱ እኔንም ስላደነዘዘኝ ተከተልሁት። አንድ ቦታ ላይ የውሃው ድምፅ ከፊታችን መሆኑ ቀርቶ ከእግራችን ሥር መምጣት ጀመረ። ቁም ብዬ ሳልጨርስ እግሩ ከዳው። በቦርሳው ማንገቻ ያዝሁት። እግሩ የፈነቀለው ድንጋይ ወረደ፤ ሲያርፍ የሰማሁት ቆይቶ ነው።

ወደ ላይ ተመለስን። እስከዚያ ድረስ ጓደኛዬ ጥርሱ እየተፋጨ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን መንቀጥቀጡ ቆመ። ምላሱ ተሳሰረ፤ የቦርሳውን ዚፕ መያዝ አቃተው። «ተሻለኝ፤ እዚህ ትንሽ ልቀመጥ» አለ። በሕይወቴ እንደዚያ የደነገጥሁበት ቃል የለም። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያንስ ሰው ይንቀጠቀጣል፤ ወደ 32 ሲጠጋ ሰውነቱ የሚያነደው እያለቀበት መንቀጥቀጡን ይተዋል። የሚንቀጠቀጥ ሰው ገና እየታገለ ነው፤ ዝም ያለው ነው የሚያስፈራው። ሹራቡን አውልቄ፣ በፌስታል ጠቅልዬ የያዝሁትን ደረቅ የሱፍ ሹራብ አለበስሁት፤ ቴምር አፉ ውስጥ ከተትሁ፤ እንዲቀመጥ አልፈቀድሁለትም።

ከዚያ ጎንበስ ብዬ መሬቱን መዳበስ ጀመርሁ። ጉም ውስጥ መንገድ የሚነበበው በእንስሳት ፍግ ነው። የፍየል በጠጥ አያምኑትም፤ ፍየል ገደል አፋፍ ድረስ ትሄዳለች። እበትም ወደ ግጦሽ ሊወስድ ይችላል። አህያ ግን ተጭና የምትመላለሰው ከቤት ወደ ወፍጮ፣ ከቤት ወደ ገበያ ነው። ፋንድያ ነበር የምፈልገው። ሲገኝ ዝናቡ ላዩን አሟሙቶታል፤ ስሰብረው ውስጡ ለብ ይል ነበር። አህያዋ ሩቅ አልሄደችም።

የቤቱ ጭስ ከመታየቱ በፊት ሸተተን። በሩን የከፈቱት እናት አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። «ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ» ብለው የጓደኛዬን እርጥብ ልብስ ገፍፈው ከሱፍ በተሠራ ባና ጠቀለሉት። ልጃቸው እጅና እግሩን ልታሸው ስትል «ተይው እህቴ፣ ደረቱን ብቻ አሙቂለት» አልኋት፤ ማሸቱ ከዳር ያለውን ቀዝቃዛ ደም ወደ ልብ ይመልሳል። ስለ ልብስ ግን እኔ እሳቸውን የማስተምረው ነገር አልነበረም። ጥጥ ሲረጥብ ከገላ ሙቀት ይሰርቃል፤ ሱፍ ረጥቦም ያሞቃል። ከበግ ሥር የሚውል ደገኛ ባናውን ለጌጥ አልለበሰውም።

ስኳር የበዛበት ሻይ በትንሽ በትንሹ አጠጡት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ባናው ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ብርጭቆው ከጥርሱ ጋር ይጋጭ ነበር። እሳቸው «ውይ ልጄን፣ ባሰበት» ብለው ደነገጡ። «የለም እማማ፣ ተመለሰ» አልሁና ማልቀሴን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

በጥቅምት እንደገና ወጣን። ደሴ ከሚኒባሱ ሲወርድ ገና ሰላም ሳንባባል ቦርሳውን ከፍቶ አሳየኝ። ከላይ የታጠፈ ባና ነበር። የጎን ኪሱንም አስከፈትሁት።