ልኩን የሚያውቅ ቀጠሮ ያዥ

«ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ቀጠሮ ያዝልኝ።» አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሰማ ሰው የሥራ ቀጠሮ ከሆነ ጠዋት መሆኑን ለመጠየቅ እንኳ አያስብም። ለኮምፒውተር ግን ሦስት ሰዓት ወይ ሌሊት ነው ወይ ከሰዓት በኋላ፤ የእኛ የጠዋት ሦስት ለእሱ ዘጠኝ ነው። ይህች የስድስት ሰዓት ልዩነት አንዴ ከተዘነጋች ታካሚና ሐኪም ይተላለፋሉ። ስለዚህ የኤአይ ኤጀንት ቀጠሮ እንዲይዝ፣ እንዲያዛውርና እንዲሰርዝ የሚያስችል ሶፍትዌር ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምመለከተው ፍጥነቱን አይደለም። ሦስት ሰዓትን እንዴት እንደሚይዛት አያለሁ።

የኤአይ ኩባንያው አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ኤጀንቶች ከሌሎች ሶፍትዌሮች ጋር የሚሠሩበትን ኤምሲፒ የተባለ የመግባቢያ ደንብ ይፋ ካደረገ ወዲህ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በርክተዋል። ኤጀንቱ ካላንደሩን በቀጥታ አይነካም፤ የተፈቀዱለትን ጥቂት ሥራዎች ብቻ ያዛል፦ ክፍት ሰዓት ፈልግ፣ መዝግብ፣ አሻሽል፣ ሰርዝ። ሙያው ያለው እነዚህ ትእዛዞች በተቀረጹበት መንገድ ላይ ነው። በጥንቃቄ የተሠራ መሣሪያ «ሦስት ሰዓት» የሚል ቃል አይቀበልም። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በመጨረሻም የአዲስ አበባን የሰዓት ልዩነት፣ +03:00ን፣ ተሟልቶ እንዲጻፍለት ይጠይቃል። ከመዘገበ በኋላ ደግሞ የሳምንቱን ቀን በስሙ ጠርቶ መልሶ ያነባል። ኤጀንቱ ቀን ሲቆጥር ተሳስቶ ከሆነ «ረቡዕ» የምትለው አንዲት ቃል ታጋልጠዋለች።

ክፍት ሰዓት ፍለጋውም ጨዋነት አለው። የጉግል ካላንደር ኤፒአይ፣ ማለትም ሌሎች ሶፍትዌሮች ካላንደሩን የሚያናግሩበት በር፣ የሰው ሰዓት መያዙን ብቻ የሚናገር ጥያቄ አለው፤ ከዚህ እስከዚህ ተይዟል ይላል እንጂ ሰውየው ሐኪም ቤት ይሁን ልቅሶ ቤት አይገልጽም። ለሥራው የሚበቃውን ብቻ የሚጠይቅ መሣሪያ የሰው ገመና አያይም።

ከሁሉ የምወደው ክፍል ግን ከውጭ ጨርሶ የማይታየው ነው። ኤጀንቱ «መዝግብ» ብሎ ላከ እንበል። ካላንደሩ መዘገበ፤ ኔትወርኩ ግን ተቆራረጠና መልሱ መንገድ ላይ ቀረ። ኤጀንቱ ያልተሳካ መስሎት እንደገና ይልካል። መሣሪያው በግዴለሽነት የተሠራ ከሆነ አንዱ ስብሰባ ሁለት ይሆናል፤ ተጋባዦቹም ሁለት ጥሪ ይደርሳቸዋል። ኤፒአዩ ለዚህ መላ አለው፤ የቀጠሮውን መለያ ላኪው ራሱ አስቀድሞ ሊያወጣለት ይችላል፣ ከ5 እስከ 1024 ፊደልና አኃዝ። ጠንቃቃ ባለሙያ መለያውን ከመጀመሪያው ሙከራ በፊት ያወጣል፤ ሁለተኛው ሙከራም ያንኑ ይዞ ይሄዳል። ካላንደሩ «ይህ እኔ ዘንድ አለ» ሲል በስህተት ቁጥር 409 ይመልሰዋል። መሣሪያውም ያንን ቁጥር ለኤጀንቱ እንደ ውድቀት አያቀርብም፤ «ቀድሞ ተመዝግቧል» ይለዋል። ማንም ሳያየው አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ከመጠራት ተረፈ።

አሁን ዋሽንግተን ያለች እኅትና አዲስ አበባ ያለ ወንድም በየቅዳሜው ሊደዋወሉ ተስማሙ እንበል፤ ሁለቱንም በእኛ አቆጣጠር፣ በእሷ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በእሱ የአሜሪካን የብርድ ወራት ሙሉ ከቀኑ 11 ሰዓት። ማርች ላይ አሜሪካ ሰዓቷን ስትቀይር የእሱ ወደ 10 ይመጣል። መሣሪያው የያዘው የሰዓት ልዩነቱን ቁጥር ብቻ ከሆነ አንደኛቸው አንድ ሰዓት ሙሉ ስልክ ይጠብቃል። የዋሽንግተን ሰዓት የሚጠራበትን የቦታ ስም፣ «አሜሪካ/ኒውዮርክ»ን፣ ከመዘገበ ግን ለውጡ በራሱ ይከተላል። እኅት በመካከሉ ሰዓቱን በእጇ አዛውራው ቢሆንስ? እያንዳንዱ ቀጠሮ በተነካ ቁጥር የሚለወጥ ምልክት አለው። ኤጀንቱ አሮጌውን ምልክት ይዞ ሲመጣ በስህተት ቁጥር 412 ይመለሳል፤ አዲሱን ሳያነብ የእኅትን ቃል አይሽርም። ልክን ማወቅ ማለት ይኸው ነው።

ይህ ጥንቃቄ ከኤአይ በፊት የነበረ ነው። ካላንደሮች የሚግባቡበት አይካላንደር የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጣ፣ በ2009 ታደሰ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ አርኤፍሲ 7529 የሚል ቁጥር ያለው ማሟያ ተጨመረለት፤ ከግሪጎርያን ውጪ ባሉ አቆጣጠሮች ተመላልሶ የሚመጣ ቀን እንዴት እንደሚጻፍ የሚወስን ነው። ከምሳሌዎቹ አንዱ የእኛ ነው። የዘመን አቆጣጠሩ «ኢትዮፒክ»፣ ወሩ 13፣ መነሻው ሴፕቴምበር 6 ቀን 2013 ተብሎ ተጽፏል፤ ጳጉሜን 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ማለት ነው። የደንቡ ጸሐፊዎች አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላትን ወር ሳይዘነጉ፣ ሳያጠጋጉ አስቀመጧት።

ስለዚህ ነገ ሦስት ሰዓትን በእኛ ልማድ ተቀብሎ በእኛ ልማድ መልሶ የሚያነብ መሣሪያ የሚሠራ ወጣት ከባዶ አይነሣም። አሥራ ሦስተኛዋ ወር ደንቡ ውስጥ ተጽፋ ትጠብቀዋለች።